ዒዳ የሌለው ፍቺ፦ ምክር ቤቶችና ውሕደቶች እንዴት ይፈርሳሉ?



ከመግሪብ በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስልካችንን ስንከፍት አንድ ዓይነት ወሬ ደጋግሞ ይገጥመናል። የእንትን አገር ፕሬዚዳንት ፓርላማውን በተነ። የእንትን አገር ወታደር የምክር ቤቱን በር ቆለፈ። እነ እከሌ ተዋሐዱ፤ እነ እከሌ ተፋቱ። ከወሬው ሥር የምንጽፈውም የታወቀ ነው። የተበተነው የማንወደው ፓርቲ ያለበት ፓርላማ ከሆነ «እሰይ! ደግ አደረገ» እንላለን። የምንወደው ከሆነ «ግፍ ነው» እንላለን። አብዛኞቻችን ደግሞ «እጅ ከማውጣት ሌላ ሥራ የሌላቸው ሰዎች ቢበተኑ ምን ይጎድላል? እኛን ምን አገባን?» ብለን ወደ ኳሱ እናልፋለን።

ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ይህንን «ምን አገባን» ነው። የምክር ቤት መበተን ወይም የሁለት አገሮች አንድነት መፍረስ በራሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ጥፋት የሚሆነው መንገዱ ሲበላሽ ነው። መንገዱ ደግሞ አዋጁ በተነበበበት ቀን አይበላሽም። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ እንደ እኛ ያለ ሰው «ይሁን፣ ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ባለፋቸው ቀናት ይበላሻል። ይህን በባዶ ወሬ ሳይሆን በታሪክ ለማሳየት እንሞክራለን። ታገሱንና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ፍቺም ሥርዓት አለው

ከምናውቀው ነገር እንነሳ። ኒካሕ ውል ነው። ወሊይ አለው፣ ምስክር አለው፣ መህር አለው፣ የሴቷ ፈቃድም ይጠየቅበታል። ፈቃዷ ሳይጠየቅ የታሰረ ኒካሕ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ሰፈራችን ይመሰክራል። ጦላቅም የተፈቀደ ነው፤ ግን ዒዳ አለው። ዒዳ መቆያ ነው። የተናደደ ይበርድበታል፣ ሽማግሌ ይገባበታል፣ ባል ተጸጽቶ ሚስቱን ሊመልስበት ይችላል። ካልሆነም የልጅ ቀለብና የእያንዳንዱ መብት ይለይበታል። በአንድ ሌሊት ሚስትን ከነጓዟ ደጅ አውጥቶ በር መዝጋት ግን ግፍ ነው እንጂ የፍቺ ሥርዓት አይደለም።

የፖለቲካ ውልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የራሳችንን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 60 አንብቡት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ አዲስ ምርጫ እንዲደረግ በምክር ቤቱ ፈቃድ ምክር ቤቱ እንዲበተን ማድረግ ይችላል ይላል። ግን ወዲያው ቀጥሎ ገደብ ያስቀምጣል፤ ምክር ቤቱ ከተበተነ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ምርጫ መደረግ አለበት። እንግዲህ መበተን ክልክል አይደለም፤ መቆያው ግን ተቆጥሮ ተቀምጧል።

ለብዙ እህቶቻችን የእንጀራ አገር የሆነችው ኩዌት ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ሕግ ነበራት። በ1962 (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የኩዌት ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 107 እንዲህ ይላል፦ አሚሩ ምክር ቤቱን ምክንያቱን ገልጾ መበተን ይችላል፤ ግን በሁለት ወር ውስጥ ምርጫ ካልተደረገ የተበተነው ምክር ቤት ሙሉ ሥልጣኑን ይዞ ይመለሳል። ልክ ዒዳዋ ሳያልቅ እንደምትመለስ ሚስት ማለት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የኩዌት ምክር ቤት ብዙ ጊዜ ተበትኖ ብዙ ጊዜ ተመርጧል፤ አገሪቱም አልፈረሰችም። በሜይ 2024 ግን አሚሩ ምክር ቤቱን ሲበትኑ ይህንኑ የሁለት ወር አንቀጽ ጨምሮ አንዳንድ አንቀጾችን ከአራት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ አገዱ። ያ ምክር ቤት የተመረጠው ከአንድ ወር ጥቂት ዘለግ ባለ ጊዜ በፊት ነበር። ልዩነቱን አያችሁት? መበተኑ አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው ዒዳው አብሮ መነሳቱ ነው። በ1976ና በ1986ም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟት በየጊዜው ዓመታት ያለ ምክር ቤት ኖራለች።

ዒዳ የሌለው ፍቺ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት ግን እስከ ኩዌት መሄድ አያስፈልገንም። በቤታችን አለ።

አሥር ዓመት የፈጀው መፍረስ

ጣሊያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ ኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆየች። ዕጣዋ ሲነሳ ሕዝቡ በሐሳብ ተከፈለ። የአንድነት ፓርቲ «ከኢትዮጵያ ጋር ሙሉ በሙሉ እንቀላቀል» አለ። በ1946 መጨረሻ ከረን ላይ የተመሠረተውና ኢብራሂም ሱልጣን ዓሊ ዋና ጸሐፊው የነበሩት የሙስሊሞች ሊግ፣ በተለምዶ አል-ራቢጣ የሚባለው፣ ነፃነትን ጠየቀ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዲሴምበር 2 ቀን 1950 (ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በእኛ) በውሳኔ ቁጥር 390 መሐል ላይ ያለውን መንገድ መረጠ፦ ኤርትራ የራሷ አስተዳደር ኖሯት በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን ትቀላቀል አለ። ማንም የፈለገውን ሙሉ በሙሉ አላገኘም። ብዙ ስምምነቶች ደግሞ እንዲህ ናቸው፤ ሁሉም ትንሽ ቅር ብሎት የሚኖርባቸው።

ሥራው ለቦሊቪያዊው ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንዞ ተሰጠ። በማርች 1952 ምርጫ ተደርጎ 68 አባላት ያሉት የኤርትራ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ግማሾቹ ሙስሊም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ነበሩ። ያጸደቁት ሕገ መንግሥት ትግርኛና ዐረብኛን የሥራ ቋንቋ አደረገ። ኤርትራ የራሷ ባንዲራ፣ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ግብር ይኖራት ነበር። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብና ወደብ ለፌዴራሉ ሄዱ። መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር እንግሊዞች ወጡ፤ ፌዴሬሽኑ ሥራ ጀመረ።

ግን ኒካሑ ሲታሰር ጀምሮ አንድ ጉድለት ነበረው። በአንድ በኩል ፓርቲና የግል ጋዜጣ ያላት፣ ሠራተኞቿ ማኅበር ማቋቋም የጀመሩ ኤርትራ አለች። በሌላ በኩል ፓርቲ የሌላት፣ ምክር ቤቷም በሕዝብ ያልተመረጠ ንጉሣዊ መንግሥት አለች። በኢትዮጵያ የታችኛው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጠው በ1957 ነው፤ እሱም ያለ ፓርቲ። ከሁለቱ በላይ ሆኖ የሚዳኝ፣ ከሁለቱም ነፃ የሆነ የፌዴራል ተቋም አልነበረም። የፌዴራል መንግሥት የተባለው ራሱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበር። ዳኛውም ባልየው፣ ወሊዩም ባልየው፣ ምስክሩም ባልየው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ተከታተሉ።

መጀመሪያ ተቃዋሚ ጋዜጣና ተቃዋሚ ሰው ተነካ። የነፃነት ደጋፊው ወልደአብ ወልደማርያም፣ ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነበሩ፣ በተደጋጋሚ የግድያ ሙከራ ተደርጎባቸው በ1953 ወደ ካይሮ ተሰደዱ። በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አንዳርጋቸው መሳይ በዚያው ምክር ቤት ፊት ቆመው፣ የእንደራሴው ቢሮ የኤርትራ የውስጥ ጉዳይና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደማያውቅ ተናገሩ። የፌዴሬሽኑ ትርጉም ግን ያ ልዩነት ነበር። በዚያው ዓመት ዋና ሥራ አስፈፃሚው ተድላ ባይሩ ከሥልጣን ወረዱ። በቦታቸው የተተኩት አስፍሃ ወልደሚካኤል የእንደራሴው ምክትልም ነበሩ። ጠባቂውና የሚጠበቅበት አንድ ሰው ሆኑ። በማርች 1958 አስመራ ላይ ሠራተኛው አድማ መታ፤ ፖሊስ ተኩሶ ሰው ሞተ። በዲሴምበር 1958 ምክር ቤቱ የራሱን ባንዲራ እንዲወርድ ወሰነ። በ1959 የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በኤርትራም እንዲሠራ ተደረገ። ትግርኛና ዐረብኛ ከቢሮና ከትምህርት ቤት እየወጡ አማርኛ ቦታቸውን ያዘ። በሜይ 1960 «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ተብሎ ተለወጠ።

ልብ በሉ፤ ባንዲራውን ያወረደው ምክር ቤቱ ራሱ ነው። ስሙንም የለወጠው እሱ ነው። ሕንፃው ቆሟል፣ ወንበሩ አለ፣ ደመወዝ ይከፈላል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ እጅ ይወጣል። ሩሑ ግን ቀስ በቀስ ወጥቷል።

ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. በእኛ፣ ማለትም ኖቬምበር 14 ቀን 1962፣ አባላቱ ተጠሩ። አስመራ ውስጥ የጸጥታ ኃይሉ በብዛት ወጥቶ ነበር። አስፍሃ ወልደሚካኤል ፌዴሬሽኑ መቅረቱንና ሙሉ ውሕደት መሆኑን የሚገልጸውን መግለጫ አነበቡ። መንግሥት ምክር ቤቱ በአንድ ድምፅ ወሰነ አለ። በወቅቱ ከነበሩ ሰዎች መካከል ግን ድምፅ የሚባል ነገር አልተሰጠም፣ ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ ተበተንን ያሉ አሉ። በማግሥቱ ትዕዛዝ ቁጥር 27 ወጣ። ፌዴሬሽኑና ምክር ቤቱ አብረው ቀሩ። ፌዴሬሽኑን ያዋለደው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ዝም አለ።

ክርክር አልነበረም፤ ሕዝበ ውሳኔ አልነበረም፤ መቆያ ጊዜ አልነበረም። ዒዳ የሌለው ፍቺ ይሉሃል ይሄ ነው።

የተከፈለው ሒሳብ

እድሪስ ሙሐመድ ኣደም ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። መዶሻ ይዘው ሥርዓት ያስከብሩ የነበሩ ሰው። ከወንበሩ ከተነሡ በኋላ በ1959 ተሰደዱ፤ በ1960 ካይሮ ላይ የኤርትራ ነፃነት ግንባር (ጀብሃ) ሲመሠረት መሪው ሆኑ። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1961 ሐሚድ እድሪስ አዋተ የመጀመሪያውን ጥይት ተኮሰ። በምክር ቤት መናገር ያልቻለ ሰው በጫካ ተናገረ። ከዚያ የተከተለው 30 ዓመት የፈጀ ጦርነት ነው።

ከዚህም የሚገርመው ሌላው ነው። የአንድነት ፓርቲው መሪ የነበሩት፣ ለውሕደቱ ዕድሜያቸውን የሰጡት ክርስቲያኑ ተድላ ባይሩ፣ በ1967 ከስዊድን የአምባሳደርነት ሥራቸውን ጥለው ጀብሃን ተቀላቀሉ። በየሰፈሩ ይህን ታሪክ የሙስሊምና የክርስቲያን ጠብ አድርጎ የሚያወራ አለ። አትቀበሉት! ፌዴሬሽኑ ሲሸረሸር ያጨበጨቡ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ሲሸረሸር የተሰደዱ ክርስቲያኖች ነበሩ። የተጣሰው የሁለቱም ውል ነው። በኋላ የሞተውም የሁለቱም ልጅ ነው።

መሐል አገር የነበረው ሰውስ ምን አለ? አብዛኛው አልሰማም። የሰማውም «አገር አንድ ሆነች» ብሎ ደስ አለው። ለደስታው ምክንያት ነበረው፤ አንድነት መውደድ ነውር አይደለም። ግን አንድነቱ በምን መንገድ እንደመጣ አልጠየቀም። ከዚያ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1974፣ ደርግ ንጉሡን ባወረደበት ቀን የአዲስ አበባውን ፓርላማ ዘጋ፤ ሕገ መንግሥቱንም አገደ። የአስመራው ምክር ቤት ሲዘጋ ያልተጠየቀው ጥያቄ በራሳችን ደጅ መጣ። ያን ጊዜ የሚመልስ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የስንቱ እናት ልጇን ወደ ሰሜን ሸኝታ እንደቀረች በየቤታችን ያለ ታሪክ ነው።

ኤርትራስ? በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ነፃነቷን አገኘች። በ1997 ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ብሔራዊ ምክር ቤቷም ከ2002 ወዲህ አልተሰበሰበም። የሚገርመው፣ የበተነው አዋጅ እንኳ የለም። ሳይፈታ የቀረ፣ ሳይኖርም የቀረ ትዳር ሆነ። ለምክር ቤታቸው መዘጋት የተዋጋ ሕዝብ ምክር ቤቱ ያለ አንድ መስመር ደብዳቤ ቀረበት። ይህን የምንለው ለመሳለቅ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። አሸናፊ ስለተለወጠ ብቻ መንገድ እንደማይቃና ለማሳየት ነው።

ካይሮና ደማስቆ

እነ እድሪስ ግንባሩን ሲመሠርቱ ካይሮ ራሷ አዲስ ሙሽራ ነበረች። በፌብሩዋሪ 1958 ግብፅና ሶሪያ ተዋሕደው የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ ተብለው ነበር። ያን ጊዜ ደማስቆ ላይ የነበረው ደስታ እውነተኛ ነበር። ውሕደቱን የጠየቁትም ሶሪያውያኑ ናቸው፤ የጦር መኮንኖቻቸው ካይሮ ድረስ በረው ገማል ዐብዱናስርን ለመኑ። ናስር ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ ፓርቲዎች ሁሉ ይፍረሱ፤ ፌዴሬሽን ሳይሆን አንድ መንግሥት ይሁን። እሺ አሉ። በ1954 በምርጫ የተቋቋመው የሶሪያ ፓርላማ ቀረ። በሕዝበ ውሳኔው 99 ከመቶ በላይ «አዎ» ተባለ። በ1960 የተሰበሰበው የጋራ ምክር ቤት አባላት በምርጫ የመጡ አልነበሩም፤ የተሰየሙ ነበሩ።

ከዚያ ምን ሆነ? ሶሪያ ውስጥ ድርቅ ገባ። የስለላው እጅ ጠነከረ። የግብፅ መኮንኖች አዛዥ ሆነው መጡ። በ1961 ክረምት ፋብሪካና ባንክ የመውረስ አዋጅ ወጣ፤ የደማስቆው ካቢኔም ፈርሶ ሁሉም ነገር ካይሮ ተጠቃለለ። ቅር ያለው ሶሪያዊ ቅሬታውን የሚያቀርብበት ፓርላማ የለውም፤ ፓርቲ የለውም፤ ጋዜጣ የለውም። የቀረው መንገድ ታንክ ብቻ ነበር። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1961 የሶሪያ መኮንኖች ደማስቆን ያዙ፤ የናስርን ምክትል ዐብዱልሐኪም ዓምርን በአውሮፕላን ጭነው ወደ ካይሮ መለሱ። ሦስት ዓመት ከሰባት ወር የቆየ ትዳር በአንድ ጠዋት አለቀ። ናስር ጦር ልኮ ነበር፤ መልሶ ጠራው። ወንድም ከወንድሙ ደም እንዳይፋሰስ መታቀቡ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሶሪያ ግን ከዚያ በኋላ አላረፈችም። በማርች 1963 ሌላ መፈንቅለ መንግሥት መጣ። ያን ዕለት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ እስከ 2011 ድረስ 48 ዓመት ቆየ። ልጅ ሆኖ የሰማው ሰው ሽማግሌ ሆኖ ሲነሳ ሰማ።

እዚህ ላይ አስተውሉ። አስመራ ላይ ፈቃዷ ያልተጠየቀ ሙሽራ ነበረች። ደማስቆ ላይ ግን ሙሽራዋ ራሷ ወዳ፣ ጓጉታ ገብታለች። ሁለቱም ፈረሱ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ መፈቃቀድ ብቻ አይበቃም። ከገቡ በኋላ የሚነጋገሩበት ቤት መኖር አለበት። ሹራ የሰርግ ቀን ወግ አይደለም፤ የየዕለት ኑሮ ነው። ቁርኣናችን ውስጥ በሹራ ስም የተሰየመ ሱራ መኖሩን እያወቅን ይህን መርሳት አይገባንም።

የቱኒስ ምሽት

«ይሄ የድሮ ነው» እንዳትሉ፣ ብዙዎቻችን በስልካችን ያየነውን እናንሳ። ጁላይ 25 ቀን 2021 የቱኒዚያ ፕሬዚዳንት ቀይስ ሰዒድ ፓርላማውን አገዱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም አባረሩ። ተመርኩዤበታለሁ ያሉት የ2014ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ ፓርላማው ሥራ ላይ እንዲቆይና እንዳይበተን ያዛል። ሌሊቱን አፈ ጉባኤው ራሺድ ገኑሺ ወደ ሕንፃው ሄዱ፤ ወታደር በሩን ዘግቶ አላስገባም አላቸው። በከተማው ግን ሕዝብ መኪና እየነዳ፣ ክላክስ እያሰማ ይጨፍር ነበር።

ለምን ጨፈረ? እንወቅሰው ዘንድ አይገባም። ሥራ አጥነት ነበር፣ ኮሮና ሰው እየጨረሰ ነበር፣ ተመራጮቹ ፓርላማ ውስጥ ሲሰዳደቡና ሲደባደቡ በቴሌቪዥን ይታዩ ነበር። የፓርላማው ጥፋት እውነት ነው፤ ትልቁ ፓርቲ አን-ነህዳም ከጥፋቱ አያመልጥም። ግን ሥራ የፈታ ጠባቂን ማባረርና ቤቱን ያለ ጠባቂ መተው አንድ አይደለም።

በማርች 30 ቀን 2022 ከ120 የሚበልጡ ተመራጮች በኢንተርኔት ተሰብስበው የፕሬዚዳንቱን ልዩ እርምጃዎች ሻሩ። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ቀን ፓርላማውን ጭርሱን በተኑት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለአዲሱ ፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 11 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። በኤፕሪል 2023 ገኑሺ ታሰሩ። የአን-ነህዳ ጠላት የሆነ ሰው «የእጃቸውን አገኙ» ብሎ ይሆናል። ግን በኦክቶበር 2023 የታሰሩት ዓቢር ሙሲ ናቸው፤ በዚያው ፓርላማ ውስጥ ከአን-ነህዳ ጋር ዓይንና ናጫ የነበሩት ሴት። በሩ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ማን ከውጭ እንደቀረ አይለይም።

ተጣልተው በሥርዓት የተለያዩ

ፍቺ ሁሉ እንዲህ አይደለም ብለናልና አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሲንጋፖር በሴፕቴምበር 1963 ከማሌዥያ ጋር ተዋሐደች። ብዙም ሳይቆይ በማላዮች ልዩ መብት ዙሪያ ከባድ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ በ1964 ሲንጋፖር ውስጥ የዘር ግጭት ተቀስቅሶ ሰው ሞተ። በኦገስት 1965 የሁለቱም መሪዎች የመለያየት ስምምነት ፈረሙ፤ የኩዋላ ላምፑር ፓርላማም ነገሩ ቀርቦለት 126 ለ0 አጸደቀው።

ፍጹም ነበር አንልም። ንግግሩ በጥቂት ሰዎች መካከል በምስጢር ያለቀ ነው፤ ሕዝቡ የሰማው ከተፈረመ በኋላ ነው። ግን አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ፦ ሲንጋፖር የምትጠጣው ውኃ ከማሌዥያዋ ጆሆር የሚመጣ ስለነበር፣ የ1961ና የ1962ቱ የውኃ ውሎች እንዲከበሩ በመለያያው ስምምነት ውስጥ ጽፈው ፈረሙ። የልጁን ቀለብ ሳይወስኑ አልተለያዩም ማለት ነው። ዛሬም ይጨቃጨቃሉ፤ ይካሰሳሉ፤ ግን በውኃው ጥይት አልተተኮሰም። ጎረቤትነት ከፍቺ በኋላም እንደሚቀጥል አውቀው ነበር።

ታዲያ እኛን ምን አገባን?

ከዚህ ሁሉ ለራሳችን ይዘን መሄድ ያለብን ሦስት ጥያቄ ነው። ከእንግዲህ «ፓርላማ ተበተነ» ወይም «አንድነቱ ፈረሰ» የሚል ዜና ስናይ፣ አውራ ጣታችን ወደ ላይክ ከመሄዱ በፊት እነዚህን እንጠይቅ።

አንደኛ፦ በማን ፈቃድ? ሕጉ ለዚያ ሰው ሥልጣኑን ሰጥቶታል? የተበተኑት ሰዎች፣ ከነሱም በላይ የመረጣቸው ሕዝብ፣ ተጠይቋል?

ሁለተኛ፦ ዒዳው ስንት ነው? አዲሱ ምርጫ መቼ ነው? ቀኑ ተጽፏል? «ሁኔታው ሲረጋጋ» የሚባል ቀን በየትኛውም ካላንደር ላይ የለም።

ሦስተኛ፦ ይህንኑ ነገር የምጠላው ሰው በምወደው ሰው ላይ ቢያደርገው እቀበለዋለሁ? ይህቺ ጥያቄ ከሁሉም ታስቸግራለች። ፍትሕን የምንለካው ለወዳጃችን ስንቆም ብቻ ከሆነ ወገንተኝነት ነው እንጂ ፍትሕ አይደለም።

ከዜናው በፊት ደግሞ የሰፈራችን ጉዳይ አለ። ምክር ቤት ማለት አራት ኪሎ ያለው ሕንፃ ብቻ አይደለም። የግቢ ጀመዓ አለን፣ የመስጂድ ኮሚቴ አለን፣ እድር አለን፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር አለን። እውነቱን እንነጋገር። ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠራበት ጊዜ ካለፈ ስንት ጊዜው ነው? የሰብሳቢው ዘመን አልቆ «ለጊዜው ይቀጥል» ብለን ያለፍነው ስንቱን ነው? የሒሳብ ሪፖርት የጠየቀውን ወንድም «ፊትና አታምጣ» ብለን አላስቀመጥነውም? ሰብሳቢው ጥሩ ሰው ስለሆነ፣ የእኛ ሰው ስለሆነ፣ ስለምናፍረው ዝም ብለናል። የአስመራው ምክር ቤት አባላትም ባንዲራ ለማውረድ እጃቸውን ሲያወጡ ከዚህ የተለየ ስሜት ነበራቸው ብለን አናምንም። አንዳንዱ ፈርቷል፣ አንዳንዱ ተጠቅሟል፣ ብዙው ግን «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ይሆናል።

በትንሹ ቤት ያልተለማመድነውን በትልቁ ቤት አናገኘውም። ስለዚህ የየጀመዓችንን መተዳደሪያ ደንብ አውጥተን እናንብበው። የጉባኤው ቀን ሲደርስ እንጥራ። ሥልጣን አማና ነው ብለን ለሌላው እንደምንሰብከው፣ ዘመናችን ሲያልቅ ቁልፉን እናስረክብ። ያልተስማማንበትን ሰው በሥርዓት እናሰናብት፤ የማንስማማበትን ሐሳብ እስከ መጨረሻው እንስማ። መለያየት ግድ ከሆነም በሽማግሌ፣ በጽሑፍ፣ የየሰዉን ሐቅ ለይተን እንለያይ።

እናቶቻችን ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚሰማው የጣሪያው ድምፅ ነው፤ ምስጡ ግን መሠረቱን ሲበላ ድምፅ የለውም ይሉናል። ጣሪያው ሲወድቅ መጮህ ለማንም አይከብድም። ምስጡን ገና በጊዜ ማየት ግን የእናንተ ሥራ ነው፤ የወጣቶቹ።

አላህ አገራችንን፣ ጎረቤቶቻችንንም ሰላም ያድርግልን፤ ከተመካከሩትና ቃላቸውን ከጠበቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።